ሌባሻይና አሰልጣኝ

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር 7 ቀን ማታ ምሳራቸውን ይዘው ከተሰለፉት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ያን ምሽት ነፋስ መውጫ ከአንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ብሔራዊ ቡድናችን ካላባር ላይ በናይጄሪያ 2 ለ0 ሲሸነፍ ተመለከትን። ጥቅምት 3 ቀን አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ አግብቶ አገሩን ካስፈነደቀ በኋላ፣ ኢመኒኬ ሁለት አስቆጥሮ፣ ሁለተኛዋንም በማብቂያው ላይ በፍጹም ቅጣት ምት፣ 2 ለ1 አሸንፈውን ነበር። በድምሩ 4 ለ1። የብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ተስፋችን አበቃ። ቴሌቪዥኑ ሳይጠፋ ክርክሩ ተነሣ። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ይነሡ ወይስ ይቆዩ? ማን ይተካቸው? ረዳቶቻቸውስ? የውጭ አገር ሰው ይምጣ? ሻይ ቤቱ በሙሉ ሹመትና ሽረት ሲያከፋፍል አመሸ። «ይነሡ!» ብዬ ከሁሉም አብልጬ የጮኽሁት እኔ ነኝ።

ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ የስማዳ ሽማግሌ ጨዋታውንም ክርክሩንም ዝም ብለው ሲከታተሉ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይኸ ነገራችሁ የሌባሻይ ሆነ» አሉኝ።

ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። በድሮው ዘመን ንብረት ሲሰረቅ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁት ነበር። ሌባሻይ ማለት ይህ ነው። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ምስክር የለ፣ መሐላ የለ። ልማዱ በኋላ በመንግሥት ተከለከለ። ሌላው መንገድ አፈርሳታ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ዕዳውን ሁሉም ተካፍሎ ይከፍላል። አፈርሳታም ግፍ ነበረበት፤ ንጹሑ ከጥፋተኛው እኩል ይከፍላልና። ቢሆንም እያንዳንዱን ሰው «አንተስ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

እስቲ ለዚያ ሽንፈት አፈርሳታ እንቀመጥ። ሰውነት ቢሻው በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ሱዳንን 2 ለ0 ረትተው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ «የኛ ሰው» ነበሩ። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣቱ ሳይታወስ ከቦትስዋና ጋር ተሰለፈ፤ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ1 አሸንፈን የጨፈርንለት ማለፍ እንደገና ጥያቄ ውስጥ ገባ። ጳጉሜን 2 ቀን ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ1 እስክናሸንፍ ድረስ ልባችን ተንጠልጥሎ ቆየ። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ለመሆኑ ካርድ መቁጠር የአንድ ሰው ሥራ ነው? የሜዳ፣ የሕፃናት ሥልጠና፣ የስንቅ ነገርስ የማን ነው?

«አሰልጣኝ ደመወዙንና ምስጋናውን ሲቀበል ወቀሳውንም ይቀበል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ማንን እንደሚያሰልፍ፣ ማንን መቼ እንደሚቀይር የሚወስነው እሱ ነውና በዚያ ይጠየቅ። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ተጠያቂነት «በእጅህ ምን ነበር?» ይላል። ሌባሻይ የሚፈልገው የሚወድቅበት ደጅ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሳያውቁ የነኩት ቁስል ስለነበረኝ ነው ይህን የምጽፈው። ወጣት አስተማሪ ሳለሁ እስቴ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ስፖርት ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ። ቡድናችን በመጨረሻው ጥሎ ማለፍ ተሸነፈ። በማግሥቱ ተሰብስበን አሰልጣኙን፣ ባልደረባችን የነበረውን የስፖርት አስተማሪ፣ አነሣነው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የመኪናውና የስንቁ ገንዘብ በጊዜ አለመውጣቱን፣ ልጆቹ ከሌሊት ጀምረው በእግራቸው መጓዛቸውን፣ ዳቦውን አሰልጣኙ ከኪሱ መግዛቱን ግን አልጻፍሁም። ገንዘቡ እንዲወጣ ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝ እኔው ነበርሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ አህያው እኔ ነበርሁ፤ የተመታው ግን ሌላ ሰው ነው። እሱም ቃለ ጉባኤውን አንብቦ፣ ፈርሞ፣ የኳሶቹን መረብ አስረክቦኝ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው ብመለስ ተዛውሮ አጣሁት።

የብሔራዊ ቡድኑ ነገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በ2006 ዓ.ም. ጥር ደቡብ አፍሪካ ላይ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች ሻምፒዮና ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ እንኳ ሳናስቆጥር ተሸነፍን። ብዙም ሳይቆይ ሰውነት ተሰናበቱ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እሳቸውም ተሰናበቱ። ሌባሻዩ ደጅ ቀየረ እንጂ ዕዳው አልተከፈለም።

ማሰናበት አንዳንዴ ተገቢ ይሆናል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አሰናባቹ አስቀድሞ ከአፈርሳታው መሐል ገብቶ ይማል። ዛሬም ቡድን ሲሸነፍ አፌ «ይነሣ!» ለማለት ይፈጥናል። ያን ጊዜ እጄ ላይ ቀርቶ የነበረው የኳስ መረብ ትዝ ይለኛል።