«በዓይኔ አየሁ» ስንል

«በዓይኔ አየሁ» የምትለዋን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንናገራት ይሆን? ከተናገርነውስ ውስጥ ዓይናችን ያየው ምን ያህሉ፣ ልባችን የጨመረበትስ ምን ያህሉ ነው? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ የፍርድ ቤት ሙግት አይደለም፤ ወፍ ነው። እንግዳ ቢመስልዎትም ታግሠው ያንብቡ።

በርካታ የአገራችን ልጆች በሚኖሩባት በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት ዱሉት የምትባል ከተማ አለች። ጨዋማ ካልሆኑት የዓለም ሐይቆች በስፋቱ አንደኛ የሆነው ሱፒሪየር ሐይቅ በምዕራብ በኩል የሚያበቃው እዚያ ነው። መጸው ሲገባ ከካናዳ ደኖች ወደ ደቡብ የሚሰደዱ ንስሮችና ጭልፊቶች ሐይቁ ዘንድ ሲደርሱ አብዛኞቹ መሻገሩን አይደፍሩትም። ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከምድር በሚነሣ አየር ተደግፈው ነውና ቀዝቃዛው ውኃ ይህን ድጋፍ አይሰጣቸውም። ስለዚህ ዳር ዳሩን ይዘው ይወርዱና ከከተማዋ በላይ ባለው ሆክ ሪጅ በተባለ ኮረብታ በኩል ያልፋሉ። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በዚያ ኮረብታ ላይ ሰዎች ቆመው ይቆጥሯቸዋል።

በሴፕቴምበር ወር የሚያልፈው ወፍ ብዛቱ ያስደንቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ኖቬምበር ነው። ያን ጊዜ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ወፉም ይሳሳል፤ ንስሮች ግን ይመጣሉ። ራሰ ነጩን ንስር ሕፃን ልጅ እንኳ ከሩቅ ይለየዋል። ችግሩ ጫጩቱ ነው። ራሱ ነጭ እስኪሆን አምስት ዓመት ያህል ስለሚፈጅበት እስከዚያ ድረስ ቡናማ ሆኖ ይቆያል። በዚያው ሰማይ ደግሞ ወርቃማ ንስር የሚባል ሌላ ቡናማ ንስር ያልፋል፤ ቁጥሩ እጅግ ያነሰ ነው። አዋቂዎች በራሱ ማነስና ክንፉን ወደ ላይ አንሣ አድርጎ በመብረሩ ይለዩታል። ርቀትና ደመና ሲጨመርበት ግን አዋቂም ይቸገራል።

እንግዲህ ራስዎን በዚያ ቆጣሪ ቦታ ያቁሙ። ከንጋት ጀምሮ ቆመዋል፣ እጅዎ ደንዝዟል፣ ወርቃማ ንስር ለማየት ልብዎ ጓጉቷል። በሩቅ ቡናማ ነገር ብቅ አለ። ዓይን ያየው ቡናማ ንስር ነው፤ «ወርቃማ» የምትለዋን የጨመረው ምኞት ነው። መዋሸት ያሰበ ሰው እኮ የለም! ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

«ታዲያ ማን ተጎዳ?» ይሉኝ ይሆናል። መልሱ ያለው በዚያው አገር፣ ሆክ ማውንቴን በተባለ የፔንሲልቬንያ ተራራ በተደረገ ቆጠራ ነው። ከ1935 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. እዚያ ከታዩት ራሰ ነጭ ንስሮች ከመቶው 40ው ጫጩቶች ነበሩ፤ ከ1955 እስከ 1959 ግን 20 ብቻ ሆኑ። ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው መጽሐፏ ይህን ቆጠራ ማስረጃ አድርጋ ዲዲቲ የተባለውን ተባይ ማጥፊያ ከሰሰች። መርዙ በዓሣ በኩል ወደ ንስሩ እየገባ የእንቁላሉን ቅርፊት እንደሚያሳሳው በኋላ ተረጋገጠ። በ1972 አሜሪካ ዲዲቲን በእርሻ ላይ እንዳይረጭ ከለከለች፤ በ2007 ንስሩ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣ። አስተውሉ፤ ጉዳዩን ያወጣው የጫጩቶቹ ቁጥር ነበር። ቡናማውን ጫጩት «ወርቃማ» ብሎ የጻፈ ሰው ከዚያ ምስክርነት ላይ አንድ ይቀንሳል። አንድ ስሕተት ሁሉን አይገለብጥም ቢባል እውነት ነው። ግን እያንዳንዱ ቆጣሪ «የእኔ አንድ ናት» ካለ ምን ይቀራል?

ቆጣሪዎቹ ለዚህ መላ አላቸው። በመዝገባቸው ላይ «ያልተለየ» የሚባል ዓምድ አለ። ንስር መሆኑን አይተው የትኛው እንደሆነ ካላወቁ እዚያ ይጽፉታል። ዝም ብለው አያልፉትም፤ ንስር ማየታቸው እውነት ነውና። በረመዳን 29ኛው ምሽት ምዕራቡን የሚያይ ሰውም ከዚህ የተለየ አማና የለበትም፤ ልጆቹ ለዒድ ቢቸኩሉም ያላየውን ጨረቃ አየሁ አይልም።

እኔን ያስቸገረኝ ግን የቤታችን ጉዳይ ነው። አንድ አባት መጥቶ «ጎረቤትህ ልጄን ለጋብቻ ጠይቋል፣ ስለ እርሱ ምን ታውቃለህ?» ይለናል። ወጣቱን አንድ ቀን ከጫት ቤት ደጃፍ ቆሞ አይተነዋል፤ ሲቅም አላየነውም። «ይቅማል» ብንል ያላየነውን መመስከር ነው። «ምንም አላየሁም» ማለትም ሐሰት ነው። እኔ ብሆን «አንድ ቀን ደጃፉ ላይ አይቼዋለሁ፣ ለምን እንደቆመ አላውቅም» እላለሁ ብዬ አስባለሁ። እንዲህም ብዬ ልቤ አያርፍም፤ አባትየው ቤቱ እስኪደርስ ድረስ የቀረውን በራሱ ሊሞላው ይችላልና። ወጣቱን ራሱን ጠይቀው ብለው መላኩ ሳይሻል አይቀርም፤ ግን ስንቱ አባት ይጠይቃል?