ሽማግሌ ዛፍ ብቻ የቀረበት ደን

ወገኖቼ፣ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች፣ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ከደጃችሁ ወጥታችሁ ቀና ስትሉ የምታዩት ተራራ ነው። የሰበታ ሰው ወጨጫን ተንተርሶ ይኖራል። የሱሉልታ ሰው እንጦጦን በደቡቡ ያየዋል። ቡራዩም በሁለቱ መካከል፣ ከገፈርሳ ውሃ አጠገብ ተቀምጣለች። ውሃውም፣ ማገዶውም፣ ጥላውም ከነዚህ ተራሮች ይመጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራልና፣ ዘወትር ስለምናየው ጤንነቱን ጠይቀን አናውቅም።

የመናገሻ ሱባን ደን አስቡት። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ዳገት አስተከሉ ይባላል። የተራራው አናት 3,385 ሜትር ይደርሳል። ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታና ጅብራ እንደየማዕረጋቸው ቆመዋል። ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላ በጫካው ውስጥ ያልፋል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እ.ኤ.አ. በ1988 የዚህን ደን ዕፅዋት መዝግበው፣ እንዲህ ያለው ደን ሊጠበቅ እንደሚገባ ጽፈው ነበር። ቃላቸው ዛሬም አላረጀም።

ደንን እንደ አንድ ቤተሰብ እዩልኝ። ከአንድ ግቢ ገብታችሁ አያትና ቅድመ አያት ብቻ ተቀምጠው ብታገኙ፣ ሕፃን የማይሮጥበት፣ ጎረምሳ የማይገባ የማይወጣበት ቢሆን፣ ምንም ሽማግሌዎቹ ግርማ ሞገስ ቢኖራቸው፣ የዚያ ቤት ነገር አያስጨንቃችሁም? ደንም እንዲሁ ነው። እኛ ወፍራም ግንድ አይተን «ደኑ ደኅና ነው» ብለን እንመለሳለን። የደን ተመራማሪ ግን ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል። ቦታ ከልሎ፣ ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት ለክቶ፣ ችግኙን ከችግኝ፣ ጎልማሳውን ከጎልማሳ ጋር ለይቶ ይቆጥራል። በጤናማ ደን ቀጫጭኑ ብዙ፣ መካከለኛው አነስ ያለ፣ ወፍራሙ ጥቂት ሆኖ ይገኛል። ቀጫጭኑ ከጠፋ ደኑ በቁሙ እያለቀ ነው፤ ከሩቅ ላየው ግን ለብዙ ዘመን አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ማለት ነው።

«ምን አለበት፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ዝናብ ሲዘንብ ይወጣል» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ይህን ነገር ረጋ ብለን እንየው። የደን ተመራማሪው ደምል ተከታይ ከስዊድናዊው አንደርስ ግራንስትሮም ጋር ሆነው የኢትዮጵያን የደጋ ደኖች አፈር እየወሰዱ በውስጡ ያለውን ዘር መረመሩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1995 አሳተሙ። አፈሩ ውስጥ ተቀብሮ ያገኙት ዘር አብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። ዋና ዋናዎቹ የሀገር በቀል ዛፎች አብዛኞቹ ለክፉ ቀን የሚሆን ዘር መሬት ውስጥ አያስቀምጡም። ዘራቸው ወድቆ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይበሰብሳል። እንግዲህ እናት ዛፏ ከተቆረጠች፣ ከሥሯ ያለውን ለጋ ችግኝም ከብት ከጋጠው፣ አፈሩ የሚመልሰው አረም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ዘር የምትጥለዋ ዛፍ ሳትወድቅ፣ ችግኙም ሳይረገጥ መድረስ ያስፈልጋል።

ደግሞ ዛፍ ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም። ጥድ ብርሃን ይወዳል፤ ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር፣ በእናቱ እግር ሥር እንኳ፣ እንደልቡ አያድግም። ዝግባ በአንጻሩ በልጅነቱ ጥላን ይታገሣል። ስለዚህ በጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ የጥድ ችግኝ ጠፋ ብሎ ወዲያው መደንገጥም፣ ዝግባው አለ ብሎ መዘናጋትም ስሕተት ነው። የወይራ ፍሬ ድንጋይ የመሰለ ልባስ ስላለው ለመብቀል ይዘገያል። ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ ብዙ ዘመናቸውን የሰጡት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው፤ ጥድን ከቅርንጫፉ ቆርጦ ሥር ማስያዝ እንደሚቻል አሳይተዋል፣ የወይራንም ፍሬ አስቸጋሪ ጠባይ መርምረዋል። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ይህን ካላወቀ ዘሩ በእጁ ይሞታል።

ስለ ባሕር ዛፍም ልናገር፤ ዛሬ የሚረግመው በዝቷል። እኔ ከረጋሚዎቹ ጋር አልቆምም። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት። ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ የሱሉልታ ገበሬ አጣናውን ሸጦ ልጁን ያስተምራል። ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ መጥረቢያው በሱባ ጥድ ላይ ያርፍ ነበር። ነውሩ የዛፉ ሳይሆን የቦታው ነው፤ ከምንጭ ራስ፣ ከጅረት ዳር፣ ከረግረግ ሜዳ ላይ አይተከልም። የተፈጥሮውን ደን ጠርጎ በእርሱ መተካትም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ተመራማሪዎቹ ፈየራ ሰንበታና ደምል ተከታይ በማዕከላዊ ኢትዮጵያና በሙነሳ ሻሸመኔ ባደረጉት ጥናት፣ በሰው እጅ ከተተከለው ደን ጥላ ሥርም የሀገር በቀል ዛፎች ችግኝ ተመልሶ እንደሚበቅል አሳይተዋል። ግን ዘር የሚመጣበት የተፈጥሮ ደን በአቅራቢያው መኖር አለበት። እንግዲህ አዲሱን ለመልበስ አሮጌውን አትጣሉ፤ አዲሱ የሚታደሰው በአሮጌው ነው።

ተራራውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ መሸፈንም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ የታየው የፈረንጅ ጥድ ክሽክሽ የተባለ ተባይ ምሥራቅ አፍሪካን አዳርሶ ወደ እኛም ደርሷል፤ የእኛንም የሐበሻ ጥድ አይምርም። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በቆመበት እንዲህ ያለ ተባይ ሲገባ የሚያቆመው የለም።

አሁን ክረምት በመጣ ቁጥር አካፋና ዶማ ይዘን እንወጣለን፤ መልካም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የሕዝቡን ትጋት አከብራለሁ። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የተተከለ ሁሉ አልጸደቀም፤ የጸደቀም ሁሉ ደን አልሆነም። ሐምሌ ላይ ስንት ተከልን ከማለት ይልቅ፣ በሦስተኛው ዓመት ስንት ቆመ ብሎ መሄድና መቁጠር ይበልጣል። ይህ ሥራ ጭብጨባ የለውም፤ ደብተርና ሜትር የያዘ ሰው ብቻውን ጭቃ እየረገጠ የሚሠራው ነው። የዛፍን ዕድሜ በግንዱ ቀለበት የሚያነቡ ሰዎችም አሉ። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ዛፉ በዓመት ሁለት ቀለበት ሊያወጣ ስለሚችል፣ ቀለበት የቆጠረ ሁሉ ዕድሜ አወቀ ማለት አይደለም። ዓመት ከዓመት፣ ያንኑ ዛፍ እየተመለሱ መለካት ግድ ነው።

ከእንጦጦ የማገዶ ሸክም ተሸክመው ጎብጠው የሚወርዱትን እናቶች የሚወቅስ ሰው ስሰማ አዝናለሁ። ምጣድ ሳይሞቅ ልጅ አያድርም። ጭስና ማገዶ የሚቀንስ ምድጃ በየቤታቸው ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ደን እንጠይቃቸው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ ቤቱም መንገዱም ወደ ዳገቱ እየወጣ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ጥበቃውን ለአንድ ዘብ ብቻ አትተዉት። ቦታ ስትመሩ ከደኑ ዳር ራቁ። ከብቶቻችሁን ችግኝ ካለበት አርቁ፤ ሣሩን አጭዳችሁ አምጡላቸው። ተማሪ ወይም ተመራማሪ ሜትር ይዞ ሲመጣ «ምን ሊወስድብን ነው» ብላችሁ አትከልክሉት፤ መንገድ አሳዩት፣ የድሮውን ንገሩት። በጫካው ውስጥ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ በምስማር የተመታበት ዛፍ ካያችሁ፣ ቆርቆሮውን አትንቀሉ፣ ዛፉንም አትንኩ፤ ለልጆቻችሁም ይህንኑ ንገሩ፤ ያ ዛፍ ለብዙ ዓመት ሲለካ የኖረ ነው፣ አንድ ቀን ቢቆረጥ የነዚያ ሁሉ ዓመታት ሥራ አብሮት ይጠፋል።