ዳኛ የሌለበት ጨዋታ

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው ያሰብኩት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይኸውም፦ አንድ ሰው የሥራውን ውጤት «ውሰድና ተጠቀምበት፤ ከወደድከው ዋጋውን ላክልኝ» ብሎ ቢሰጠን፣ እኛም ብንወደው፣ ነገር ግን ባንልክለት የሚያውቅብን ባይኖር፣ ዕዳ አለብን ወይስ የለብንም? ብዙዎቻችን ሳንውል ሳናድር «አለብን እንጂ!» ብለን እንመልሳለን። ኑሮአችን ሲመረመር ግን መልሱ ከአፋችን እንጂ ከእጃችን እንዳልወጣ ይታያል።

ጥያቄው በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ በአንድ ትንሽ ነገር ላይ ላቁመው። የመረጥኩት ምሳሌ ከእኛ ኑሮ የራቀ ነው። ጎልፍ ነው፤ ያውም በሣር ሜዳ ላይ የሚጫወቱት ሳይሆን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በመዳፍ በሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ይጫወቱት የነበረው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ይታገሠኝ።

አስቀድሞ ስለ ሜዳው ጎልፍ ጥቂት ልበል። ተጫዋቹ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ፣ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ወደሆነ ጉድጓድ ያስገባል። በአንድ ሙሉ ዙር 18 ጉድጓዶች አሉ፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። በእግር ኳስ ሜዳ ፊሽካ የያዘ ዳኛ ከተጫዋቾቹ ጋር ይሮጣል፤ ያም ሆኖ ጎሉ ገባ አልገባም ክርክሩ እስከ ሰፈር ይዘልቃል። በጎልፍ ግን ሜዳው ሰፊ፣ ተጫዋቹም የተበታተነ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ምት ቆሞ የሚመለከት ዳኛ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ኳሱ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ተጫዋቹ ተከትሎ ይገባል፤ በእግሩ ገፋ ቢያደርገው ማን ያያል? ለዚህም ነው ሕጉ ራሱ ተጫዋቹ ጥፋቱን ራሱ አውቆ ቅጣቱን በራሱ ላይ እንዲቆጥር የሚያዘው።

በ1925 በማሳቹሴትስ ዉስተር ከተማ በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ላይ ቦቢ ጆንስ የተባለው ታላቅ ተጫዋች ኳሱን ሊመታ ከረዥም ሣር ውስጥ ሲዘጋጅ ኳሱ በጥቂቱ ተንቀሳቀሰ። ከእሱ በቀር ያየ አልነበረም። ሹማምንቱ ጠያይቀው ማስረጃ ስላላገኙ ፍርዱን ለራሱ ተዉለት፤ እሱም አንድ ምት በራሱ ላይ ቆጠረ። ውድድሩ ሲያልቅ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆነ፤ ከዚያም በመለያው ጨዋታ በአንድ ምት ተሸነፈ። ያቺ በራሱ ላይ የቆጠራት ምት ባትኖር ኖሮ መለያ ጨዋታም ባላስፈለገ ነበር። ሰዎች ስለዚህ ነገር ሲያመሰግኑት ጆንስ ምስጋናው ይገርመው ነበር ይባላል፤ አለመስረቅ የሚያስመሰግን አይመስለውም ነበርና።

ሌላም አለ። በ1968 በማስተርስ ውድድር አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንሶ 17ኛውን ጉድጓድ በ3 ምት ጨረሰ፤ ብዙ ሰው በቴሌቪዥን አይቷል። ውጤቱን ይመዘግብለት የነበረው የጨዋታ ጓደኛው ግን በስሕተት 4 ብሎ ጻፈ፤ ዴ ቪሴንሶም ሳያስተውል ፈረመበት። በሕጉ መሠረት የፈረመበት ጸና፤ የመለያ ጨዋታ ዕድሉም በአንድ ምት አመለጠው። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ከልክ በላይ የጠነከረ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ያሳያል፤ በዚህ ጨዋታ የሰው ፊርማ ከብዙ ዓይን ይበልጥ ይከብዳል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንምጣ። በ1982 አንድሩ ፍሉግልማን የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ አዘጋጅ፣ ኮምፒዩተሮች በስልክ መስመር እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ፒሲ ቶክ የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። በሱቅ ከመሸጥ ይልቅ ለፈለገ ሁሉ እንዲገለበጥ ፈቀደና «ከጠቀማችሁ 25 ዶላር ላኩልኝ» አለ። ሐሳቡን ያገኘው ተመልካቹን መዋጮ እየጠየቀ ከሚኖር የከተማው ሕዝባዊ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። በዚያው ዓመት የአይቢኤም ሠራተኛ የነበረው ጂም ኖፍ ፒሲ ፋይል የተባለውን ፕሮግራሙን በተመሳሳይ መንገድ አሰራጨ። በ1983 ደግሞ ቦብ ዋላስ ለፒሲ ራይት ፕሮግራሙ «ሼርዌር» የሚለውን ስም ተጠቀመና ስሙ ጸና። የሚገርመው ነገር ሰዎች መክፈላቸው ነው። ሁሉም አይደለም፤ ብዙኃኑም አይደለም፤ ነገር ግን ኖፍ የአይቢኤም ሥራውን ትቶ በፕሮግራሙ ለመኖር እስኪችል ድረስ ከፈሉ።

ከዚያም በመጋቢት 1996 ፓይለት የተባለው የእጅ ኮምፒዩተር ወጣ። ፈጣሪው ጄፍ ሆኪንስ መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት በልኩ የተጠረበ እንጨት በኪሱ እየያዘ ይዞር ነበር፤ ቀጠሮ ሲሰጡት እንጨቱን አውጥቶ እንደሚጽፍበት ያስመስል ነበር አሉ። የመጀመሪያው ሞዴል የማስታወሻ መጠኑ 128 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ሃያ እጥፍ ይበልጣል። መስኮቱ በቁመትም በወርድም 160 ነጥብ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ከመደበኛ ሥራቸው መልስ ማታ ማታ፣ ካልኩሌተርም፣ መዝገበ ቃላትም፣ ጨዋታም ጻፉ። በ1998 ፓልም ሦስት የተባለው ሞዴል ሲመጣ ሁለት ሰዎች መሣሪያቸውን ፊት ለፊት ደቅነው ፕሮግራም በማይታይ ጨረር ይሰጣጡ ጀመር። በሼርዌር ሥርዓት ይህ ነውር አልነበረም፤ ስጡ፣ አዳርሱ ተብሎ ተፈቅዷልና። ነውሩ የሚጀምረው ወድዶ እየተጫወቱ ዝም ማለት ላይ ነው።

እንግዲህ የጎልፍ ጨዋታ በዚህ መሣሪያ ላይ ምን ይመስላል? እንደ አብዛኛው የኮምፒዩተር ጎልፍ ብንወስደው፣ ሜዳው ከላይ እንደ ካርታ ይታያል፤ ተጫዋቹ ዱላ ይመርጣል፤ አቅጣጫ ያሳያል፤ የኃይሉን መጠን የሚያሳየው መስመር ሲያድግ በትክክለኛው ቅጽበት ይነካዋል፤ ነጥብ የምታህል ኳስ ትበራለች። አውቶቡስ እስኪመጣ አንድ ሁለት ጉድጓድ ያደርሳል።

እኔን ያስደነቀኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጎልፍ ማጭበርበር አይቻልም። ኳሷ ከቁጥቋጦ ብትገባ በእግር የሚገፋት የለም። ምቱን የሚቆጥረው ማሽኑ ነው፤ ውኃ ውስጥ ብትገባ ቅጣቱን ሳይጠየቅ ይጨምራል። የውጤት ወረቀት የለም፤ ፊርማም የለም። ቦቢ ጆንስ በዚህ ጨዋታ ላይ ቦቢ ጆንስ ሊሆን አይችልም። በሜዳው ላይ የጨዋታው ነፍስ የነበረችው ሐቀኝነት ሥራ ፈትታ ከሜዳው ወጣች።

ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋችም። ፕሮግራሙ ሲከፈት አንድ ጽሑፍ ይወጣል፦ ይህ ጨዋታ ሼርዌር ነው፤ ከወደዱት እባክዎ ይመዝገቡ። ከሥሩም «ቆይቶ» እንደማለት ያለ ቁልፍ አለ። ሐቀኝነት ከሜዳው ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች ማለት ነው። በሜዳው 18 ጉድጓድ ሙሉ ሲቀርብ የነበረው ጥያቄ እዚህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ጨዋታው ሳይጀመር ይቀርባል፤ ዳኛውም እንደዚያው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ቆይቶ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። «አልከፍልም» አይልም። እምቢ ማለት የሚከብደው ሰው ሁሉ የሚጠለልበት ቃል ነው። አንድ ጊዜ ቢነኩት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጨዋታውን ገና አላወቁትምና። መቶ ጊዜ ሲነኩት ግን ያው ቃል ሌላ ትርጉም ይዟል። መቼ ነው የተለወጠው? በሃያኛው ነው በሠላሳኛው? ማንም ሊያመለክት አይችልም፤ የዚህ ዓይነት በደል ችግሩም ይኸው ነው። ሌባ የሰረቀበትን ሌሊት ያውቃል፤ «ቆይቶ» ባይ ግን የሚያስታውሰው ሌሊት የለውም።

አንዳንዶች «ምን ጎደለበት?» ይላሉ። ከጎረቤት ጎተራ እህል ብወስድ ጎተራው ይጎድላል፤ ፕሮግራም ብገለብጥ ግን የደራሲው ፕሮግራም እንዳለ አለ። ክርክሩ ቀላል የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የጎደለውን በተሳሳተ ቦታ የሚፈልግ ይመስለኛል። የጎደለው ፕሮግራሙ ሳይሆን ሰውዬው ያሳለፋቸው ሌሊቶች ዋጋ ነው። ደቦ የሚወጣ ገበሬ እርሻው ላይ የዋለበትን ጉልበት መልሶ አይሰበስበውም፤ የሚጠብቀው የእሱ ተራ ሲደርስ ጎረቤቶቹ እንዲመጡ ነው። ሳይመጡ ቢቀሩ «ምን ጎደለብህ? እርሻህ እንዳለ አለ» ሊሉት ይችላሉን?

ከዚህ የሚከብደው የሌላው ወገን ክርክር ነው፤ መክፈል ስለማይችለው ሰው። ይህ እኛን በቀጥታ ይነካል። ለአብዛኛው የአገራችን ተማሪ ጥቂት ዶላር ወደ ውጭ መላክ የፈቃድ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ የት ያገኛል? ለኮርስ የሚያስፈልገው ፕሮግራም በፍላሽ እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከፍሎ የገዛው ሰው ማን እንደሆነ፣ መኖሩም ጭምር፣ አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ተማሪ ከሌባ ጋር የሚደምር ሰው ችግር ያላየ ነው ብዬ አምናለሁ። አቅም የሌለው ሰው ዕዳው ባይሰረዝለት እንኳ ይታገሡታል፤ በአራጣ ካልሆነ በቀር በሰዎች መካከል የኖረ ልማድ ነው።

ነገር ግን አለመቻል ሲለመድ መጠለያ ይሆናል። ዛሬ የማይችለው ነገ ደመወዝተኛ ሲሆን፣ ካርዱም ሲገኝ፣ ያው ልማድ ይከተለዋል። ደግሞም ከሼርዌር ደራሲዎች መካከል ገንዘብ ያልጠየቁ ነበሩ። አሮን ጃይልስ ለማኪንቶሽ በሠራው ጄፔግቪው በተባለው የፎቶግራፍ ማያ ፕሮግራም የጠየቀው ዋጋ ፖስታ ካርድ ነበር፤ ካላችሁበት ከተማ አንድ ፖስታ ካርድ ላኩልኝ፣ በቃ። እዚህ ላይ «ዶላር የለኝም» የሚለው ምክንያት አይሠራም፤ ቴምብር የሌለበት አገር የለምና። ይህንን ዋጋ ሳስበው፣ ዕዳው ከመጀመሪያውም በገንዘብ ብቻ የሚለካ እንዳልነበረ ይታየኛል። ደራሲው ማወቅ የፈለገው ሥራው ሰው ዘንድ መድረሱን ነው። መቶ ጊዜ «ቆይቶ» የነካ ሰው የነፈገው ይህንንም ጭምር ነው።

ደራሲዎቹ እየሰለቻቸው መጡ። ስኮት ሚለር የተባለው የጨዋታ ደራሲ በፈቃድ የሚላክ ክፍያ ሲጠብቅ ጥቂት ብቻ ስለደረሰው፣ በ1987 ሌላ ዘዴ ያዘ፤ የጨዋታውን የመጀመሪያ ክፍል በነጻ ሰጠ፣ ቀሪውን ለከፈለ ብቻ አደረገ። በጎልፍ ብናስበው ጥቂት ጉድጓዶች ሰጥቶ የቀሩትን መቆለፍ ነው። በእጅ ኮምፒዩተሮቹም ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ቁልፍ ተበጀላቸው፤ ቁልፉም ብዙ ጊዜ የሚሰላው ባለቤቱ በመሣሪያው ላይ ካስመዘገበው ስም ነበር። ስለዚህ ሌላው የከፈለበትን ቁልፍ ሊጠቀም የፈለገ ሰው የገዛ መሣሪያውን በዚያ ሰው ስም መሰየም ነበረበት። ጨዋታውን በነጻ አገኘ፤ መሣሪያው ሲከፈት ግን የሌላ ሰው ስም ያነባል። ማንም ሰባኪ ይህን የመሰለ ምሳሌ ሊያዘጋጅ አይችልም፤ ያዘጋጀው ግን ስሌት ነው።

ቁልፉ ሲመጣ የቀረ ነገር አለ። በተቆለፈ በር ፊት ቆሞ የማይገባ ሰው ሐቀኛ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ዛሬ በስልኮቻችን ላይ አስቀድሞ ካልከፈሉ የማይከፈት ብዙ ነገር አለ፤ ማንም «ታምኛችኋለሁ» አይለንም፤ ስለዚህም ማንንም አንከዳም። ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ቁልፉ ይነሣ ልትል ነው?» ይሉኛል። አልልም። ደራሲው እኔ ሐቀኝነት እንድለማመድ ጦሙን የማደር ግዴታ የለበትም። መታመን ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ ሰጪው በደከመው ጊዜ ይቆማል። የምለው ነገር ቢኖር ቁልፉን የሠራው የደራሲው ስስት ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ እያንዳንዷ «ቆይቶ» አንድ ጥርስ ጨምራበታለች።

የፓልም ኩባንያ በ2010 ለኤችፒ ተሸጠ፤ ኤችፒም በ2011 መሣሪያዎቹን መሥራት አቆመ። በ2022 ኢንተርኔት አርካይቭ የዚያን ዘመን ፕሮግራሞች ሰብስቦ ማንም በድረ ገጽ ላይ ከፍቶ እንዲሞክራቸው አደረገ። እንዲህ ካሉት አሮጌ ፕሮግራሞች አንዱን የከፈተ ሰው ያው ጽሑፍ ሊወጣለት ይችላል፦ ከወደዱት እባክዎ ይመዝገቡ። የተሰጠው አድራሻ ምናልባት ዛሬ ማንም አይኖርበትም፤ ደራሲው ጨዋታውን መጻፉንም ረስቶት ይሆናል። ዕዳው አለ ወይስ የለም? የሚቀበል በሌለበት የሚከፈል ነገር የለም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የሚያሳስበኝ ከፋዩ እንጂ ተቀባዩ አይደለም። ጽሑፉ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ እንደ ድሮው ይጠይቃል። ከሥሩም ቁልፏ እንዳለች አለች።