የተስማሙ ድምፆች፣ ያልተስማሙ ልቦች

ኪነ ጥበብን ከሕይወት ጋር እያስተያየ የሚመረምር ሰው አንድ ቀን የማያመልጠው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ ውብ የሆነ ሥራ የሠሪውን ልብ ካልመሰለ ውበቱ ሐሰት ነውን? የሚለው ነው። ጥያቄው በሥዕልም ሆነ በሥነ ግጥም ይነሣል። ይበልጥ አፍጥጦ የሚመጣው ግን ሁለት ሰዎች አብረው ሲዘፍኑ ነው፤ በዚያን ጊዜ የምንሰማው መስማማትን ራሱን ነውና።

ለዚህ ምርመራ ጸሐፊው ለብዙ ዘመን የወደደውን አንድ አጭር ዘፈን ይዞ ቀርቧል። ዘፋኞቹ ዶንና ፊል ኤቨርሊ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። ዘፈኑም በቡድሎ ብራያንት ተደርሶ እ.ኤ.አ. በ1958 በናሽቪል ከተማ የተቀዳው «ኦል አይ ሃቭ ቱ ዱ ኢዝ ድሪም» ነው። ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ተኩል አይሞላም፤ ጉዳዩም የሚወዳትን በሕልም ካልሆነ በቀር ሊያገኛት ያልቻለ ወጣት ናፍቆት ነው።

ዘፈኑ በቼት አትኪንስ ጊታር ርግብግብታ ይከፈትና ሁለቱ ድምፆች እኩል ይገባሉ፤ ዶን ከታች፣ ፊል ከላይ። የደጋው አገር ጆሯችን የለመደው ሌላ ነው። አዝማሪው ሲያዜም ማሲንቆው ያንኑ ዜማ ተከትሎ ያጅበዋል፤ አውጪው ሲያወጣም ተቀባዩ ይቀበላል። እዚህ ግን ሁለቱ አንዱን ቃል በአንድ ትንፋሽ እያሉ በተለያየ ከፍታ ይጓዛሉ።

በመካከላቸው ያለው ርቀት በአመዛኙ በሙዚቃ ትምህርት «ሦስተኛ» የሚባለው ነው፤ የታችኛው ድምፅ አንድ ተብሎ ሲቆጠር ላይኛው በስኬሉ ሦስተኛው ላይ ይውላል ማለት ነው። ላይ ላዩን ለሚሰማ ሁለቱ እንደ ጋሪ ጎማዎች ርቀታቸውን ሳይለውጡ የሚሄዱ ይመስላሉ። ቀርቦ ለሚያደምጥ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሦስተኛው አንዳንዴ አራት ግማሽ ቶን፣ አንዳንዴ ሦስት ግማሽ ቶን ነው፤ ስለዚህ ዜማው በተራመደ ቁጥር ርቀቱ ሲሰፋና ሲጠብ ይሄዳል። ከሥር ያለው ኮርድ ሲያስገድድም ላይኛው ድምፅ የሦስተኛውን መንገድ ትቶ ወደ አራተኛው ይሻገራል። እንግዲህ ፊል ከወንድሙ ጋር የሚስማማው ወንድሙን በጭፍን ስለተከተለ አይደለም፤ በየእርምጃው እያደመጠ ራሱን በግማሽ ቶን ስለሚያስተካክል ነው።

የድምፃቸው አሸማመንም ከዚሁ የመጣ ነው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በአዮዋ በወላጆቻቸው የሬዲዮ ዝግጅት አብረው በመዝፈናቸው፣ አፋቸውን የሚከፍቱትም ቃሉን የሚዘጉትም እኩል ነው። የላይኛው ክፍል ብቻውን ቢዜም እንኳ ራሱን የቻለ ዜማ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ሁለቱ ድርና ማግ ናቸው፤ ያለቀውን ሸማ ለሚያይ የቱ ድር፣ የቱ ማግ እንደሆነ መለየት ያስቸግረዋል።

ጸሐፊው ይህን ሸማ የወንድማማች ፍቅር ሥራ ነው ብሎ ሲያምን ኖረ። ኋላ ታሪካቸውን ሲያነብ ግን እምነቱ ተናጋ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1973 በካሊፎርኒያ በቀረበ ትርኢት ላይ ፊል ጊታሩን ሰብሮ ከመድረክ ወጣ፤ ዶን የቀረውን ብቻውን ፈጸመ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል አብረው አልዘፈኑም። ታዲያ ያ ልስላሴ ምን ነበር? ተታለልን ማለት ነውን?

አንዳንዱ «አዎ፣ ጭምብል ነበር» ይል ይሆናል። ሌላው ደግሞ «ዘፈን ዘፈን ነው፤ የዘፋኙ ኑሮ ምን አገባን?» ሊል ይችላል። የፊተኛው ፍቅር ያልቀደመውን መስማማት ሁሉ ሐሰት ያደርጋል፤ የኋለኛው ደግሞ መስማማትን ወደ ተራ የእጅ ጥበብ ያወርዳል። ለዚህ ጸሐፊ ሁለቱም አያጠግቡትም።

የተቃቃሩ ጎረቤቶች ታማሚ በቃሬዛ ተሸክመው ዳገት ሲወጡ እናስብ። እርምጃቸው ካልገጠመ ታማሚው ይወድቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የሌላውን እግር እያዳመጠ ይራመዳል። ልባቸው አልታረቀም፤ እርምጃቸው ግን ሐሰት ነው ሊባል አይችልም። የወንድማማቾቹ መስማማትም እንዲሁ ነው። ስለ ልባቸው የተሰጠ ምስክርነት ሳይሆን፣ በዚያች ቅጽበት በእውነት የተፈጸመ ተግባር ነው።

ይህ ማለት ግን ተግባሩ ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። በመድረክ ግማሽ ቶን የሚለቅ ሰው በቤቱ አንዲት ቃል መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዘፈኑ ዘፋኞቹን ይወቅሳል እንጂ አይዋሽላቸውም፤ ምን ማድረግ ይችሉ እንደነበረ ያሳያልና። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1983 በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ዳግመኛ አብረው ሲቆሙ፣ የአሥር ዓመት ዝምታ ያንን የመደማመጥ ልማድ እንዳላጠፋው ታየ። ፊል በ2014፣ ዶን በ2021 አረፉ።

እኛ ዘወትር «መጀመሪያ ልብ ይስማማ፤ ሌላው ከዚያ ይከተላል» እንላለን። ምናልባት ማድመጥ የሚቀድምበት ጊዜም ይኖራል። ውድ አንባቢ ይህን ዘፈን ዳግመኛ ሲሰማ የላይኛውን ድምፅ ብቻ ተከትሎ ይሂድ፤ በየት በየት እንደሚጠብ፣ በየት በየት እንደሚሰፋ ልብ ይበል። ከዚያም በራሱ ቤት፣ ያቺን ግማሽ ቶን ሁልጊዜ የሚለቀው ማን እንደሆነ ይጠይቅ።