ሕፃኑ ታላቅ በሆነ ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዘጌ የቡና ጥላ ሥር ባለ መንደርም ሆነ በባሕር ዳር ከተማ፣ እናት በሰላም ስትገላገል ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ገንፎው ይገነፋል፤ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ደስታው የተገባ ነው። ነገር ግን በዚያው ቤት ጥግ ማንም ልብ ያላለው ሌላ ሕፃን ቆሟል። እስከ ትናንት በእናቱ ጀርባ ይታዘል፣ በእቅፏም ያንቀላፋ ነበር። ዛሬ ግን «አንተማ ትልቅ ሰው ሆነሃል» ተባለ። ሳይጠየቅ ታላቅ ሆነ።

እንግዳ በጨዋታ «ሕፃኑን ልውሰደው?» ቢለው «ውሰደው» ብሎ ይመልሳል። እንግዳው የእውነት መስሎ ብድግ ሲያደርገው ግን እያለቀሰ በልብሱ ይንጠለጠላል። እኛ በመጀመሪያው እንቆጣዋለን፤ በሁለተኛው እንስቃለን። ሆኖም ሁለቱም ከአንድ ልብ የወጡ፣ ሁለቱም እውነተኞች ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ400 እ.ኤ.አ. ገደማ በጻፈው «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ሌላ ሕፃን ጡት ሲጋራው ፊቱ ገርጥቶ በምሬት ሲመለከት ማየቱን ይነግረናል። የሰው ልብ ከጅምሩ የእግዚአብሔርን ጸጋ የሚሻ መሆኑን በዚህ አስተማረን።

ቅዱስ መጽሐፍም ይህን አይሸሽግም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 7 እንደምናነበው፣ በፈርዖን ፊት በቆሙ ጊዜ ሙሴ 80፣ አሮን 83 ዓመታቸው ነበር። እንግዲህ ሙሴ ሲወለድ አሮን የ3 ዓመት ሕፃን ነበረ። ያ ቤት አራሱን ልጅ 3 ወር ሸሸገው፤ የሁሉም ዓይንና ጭንቀት በእርሱ ላይ ነበረ። ትንሹ አሮን ምን ተሰምቶት እንደ ነበር አልተጻፈም። ካደገ በኋላ የሆነው ግን ተጽፏል። ሙሴን ሊቀበል ወደ ምድረ በዳ ሲወጣ በልቡ ደስ እንደሚሰኝ እግዚአብሔር ራሱ መሰከረለት፤ ሲገናኙም ሳመው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ደግሞ ያው አሮን ከእኅቱ ከማርያም ጋር ሆኖ፣ እግዚአብሔር የተናገረው በሙሴ ብቻ ነውን እያለ አጕረመረመ። ሽማግሌውና ካህኑ አሮን ፍቅርንና ቅናትን በአንድ ልብ ከተሸከመ፣ በ3 ዓመቱ ሕፃን ስለ ምን እንደነቃለን?

ታዲያ ወላጆች ምን እናድርግ? ከዚሁ ቤተሰብ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፣ ለታላቁ የክብር ቦታ እንስጠው። ሕፃኑ ሙሴ በተቀመጠበት የደንገል ሣጥን አጠገብ እኅቱ ራቅ ብላ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ደንገሉ እኛ በጣና ታንኳ የምንሠራበት ተክል ነው፤ ወንዙም ከጣና የሚወጣው ዓባይ የሚቀላቀለው ነው። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል፤ ታላቅ ወንድም «ጋሼ» ሲባል «ጋሻዬ» ማለት ነውና። ሕፃኑን «ዝም በል» ከማለት ይልቅ «ወንድምህን እየው፣ ካለቀሰ ጥራኝ» እንበለው።

ሁለተኛ፣ ክብሩ ሸክም እንዳይሆን እንጠንቀቅ። የሙሴ እኅት ጠበቀች፣ እናቷንም ጠራች፤ ያጠባችው ግን እናትየው ናት። ኑሮው በቡናና በጌሾ በሆነበት በዘጌም ሆነ በሌላው ገጠራችን፣ የሥራው ጊዜ ሲጠና ታላቂቱ ልጅ ሕፃን አዝላ እንድትውል፣ ከትምህርቷም እንድትቀር ማድረግ ይቀናናል። ልጅነቷን የወሰደባትን ሕፃን እንድትወድ እንዴት እንጠይቃታለን?

ሦስተኛ፣ እንታገሥ። ያጕረመረመችው ማርያም በለምጽ ተመታች፤ የጸለየላትም ያው የቀናችበት ወንድሟ ነው። 7 ቀን ከሰፈር ውጭ ስትቆይ፣ እስክትመለስ ድረስ ሕዝቡ ሁሉ ሳይጓዝ ጠበቃት። ታናሹን የቆነጠጠውን ልጅ እጁን ይዘን እናስተምረው፤ ነገር ግን ቤቱ እርሱን ጥሎ እንዳይሄድ ይወቅ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው አባት፣ ታላቁ ልጅ ተቆጥቶ አልገባም ባለ ጊዜ ግብዣውን ትቶ ወደ እርሱ ወጣ እንጂ «ይቅር» አላለም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ፣ ከእናንተ አንዱ ከድግሱ መካከል ተነሥቶ ወደ ታላቁ ልጅ ይውጣ፤ በእቅፉም ያስገባው።

ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስኮስ በ2016 እ.ኤ.አ. «የፍቅር ሐሤት» በተሰኘው ሐዋርያዊ ምክራቸው፣ በቤት ውስጥ በልጆች መካከል የሚበቅለው ወንድማማችነት የነጻነትና የሰላም ትምህርት ቤት መሆኑን አስታውሰውናል። ከዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ፊደል «እናቴ የእኔ ብቻ አይደለችም» የሚለው ነው። ለሕፃን ከዚህ የሚከብድ ፊደል የለም።

ይህን ፊደል በፈቃዱ የተማረልን አንድ አለ። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የአብ አንድያ ልጅ ሲሆን፣ በብዙ ወንድሞች መካከል በኵር ሊባል ወደደ። አባቱን አባታችን እንድንለው ፈቀደልን። በመስቀል ላይ ሳለም ከሁሉ በኋላ የቀረችለትን እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር ሰጠ፤ በእርሱም ለእኛ። እናቱን ለመካፈል የሚጨነቅ ሕፃን በቤታችሁ ቢኖር፣ እናቱን ያካፈለንን ታላቅ ወንድማችንን አሳዩት፤ በእጁም ባርኩት።

የአብ ፍቅር፣ የወልድ ጸጋ፣ የመንፈስ ቅዱስም አንድነት ታላላቆችንና ታናናሾችን በአንድ ማዕድ ይሰብስብልን፤ አሜን።