በሽታው ቀደር ነው፤ መዘግየቱስ?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን አንዲት እናት ወደ አኼራ ሄዱ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ለተዕዚያ የተሰበሰብነው ሁሉ እየተቀባበልን የምንለው አንድ ነገር ነበር፤ «የአላህ ቀደር ነው፣ ምን ይደረጋል!» እኔም ብያለሁ። ከሳምንት በኋላ ግን ትልቋ ልጃቸው ያጫወተችኝ ነገር ያችን አፌ የለመዳትን ቃል እንደገና እንድመረምራት አስገደደኝ።

ለካስ እናትየው በጡታቸው ላይ ሽንብራ የምታህል ጠጣር እብጠት ያገኙት ከመሞታቸው ሦስት ዓመት አስቀድሞ ኖሯል። ስላላመመቻቸው ተዉአት። እያደገች ስትመጣ ለባላቸው መንገር አፈሩ። ከነገሩም በኋላ «ወንድ ሐኪም እንዴት ገላዋን ያያል?» በሚል ክርክር ወራት አለፉ። ጤና ተቋም ሲደርሱ ያየቻቸው ባለሙያ «እጢ ነው፣ ይጠፋል» ብላ በማስታገሻ ክኒን ሸኘቻቸው። ትክክለኛው ምርመራ ሲደረግ ካንሰሩ ብብታቸው ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ኬሞቴራፒ ተጀመረ። መድኃኒቱ በቅናሽ ከሚሸጥበት ሲጠፋ ከግል ፋርማሲ ለመግዛት በቤት የነበረው ወርቅ ተሸጠ። ወርቁም አልቆ፣ ሕክምናውም ሳያልቅ ሞት ቀደማቸው።

እንግዲህ እንጠይቅ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቀደር ያልነው የቱን ነው? እብጠቷን? ሐፍረቱን? የባለሙያዋን ቸልታ? ወይስ የመድኃኒቱን መጥፋት?

ሁሉም ነገር በአላህ ውሳኔ መሆኑን ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን በቀደር ማመን አንድ ነገር ነው፤ ቀደርን ማመካኛ ማድረግ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ በአካባቢው ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ በወሰኑ ጊዜ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ሲሉ ጠይቀዋቸው ነበር። የዑመር መልስ ሽሽታችን ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የሚል ነበር። አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሎቹን ያሰማራ ሰው በየትኛውም ቢያሰማራ ከቀደር እንደማይወጣ በምሳሌ አስረዱ። አስተዋይ እረኛ ግን ለምለሙን ትቶ ደረቁን አይመርጥም። በሽታው ቀደር ከሆነ ሕክምናውም ቀደር ነው። ታዲያ ስለምን ለእናቶቻችን ደረቁን ብቻ እንመርጥላቸዋለን?

ዓለምን ስንመለከት ጉዳዩ ከአንድ ቤት አልፎ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እጅግ ባደጉት አገሮች ከ12 ሴቶች አንዷ በሕይወት ዘመኗ የጡት ካንሰር ይገኝባታል፤ ከ71 አንዷ ደግሞ ትሞትበታለች። በዝቅተኛ የእድገት ደረጃ ላይ በሚገኙት አገሮች በሽታው የሚገኘው ከ27 ሴቶች በአንዷ ላይ ብቻ ነው፤ የምትሞትበት ግን ከ48 አንዷ ናት። ይህን ሒሳብ ረጋ ብለን እናስላው። በሀብታሞቹ ዘንድ ከታመሙት ስድስት ያህል ሴቶች አንዷ ስትሞት፣ በድሆቹ ዘንድ ከታመሙት የሚበልጡት ይሞታሉ። በሽታው ሀብታምንና ድሃን አይለይም እንላለን። እውነት ነው፣ በሽታው አይለይም። የሚለየው የሰው ልጅ ነው።

በአገራችንም የጡት ካንሰር ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች በብዛት ቀዳሚው ነው። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ከሃያ ዓመታት በላይ ለመላው ኢትዮጵያ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች ተጨማሪ ማዕከሎች መከፈታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም ከቦረና ወይም ከአፋር ለምትመጣ እናት መንገዱ፣ ማደሪያውና የአስታማሚዋ ወጪ ገና ከመድኃኒቱ በፊት የቆመ ግንብ ነው።

«ድሃ አገር ነን፣ ከየት ይምጣ?» የሚል ወንድም አይጠፋም። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። የጨረር መሣሪያ ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው ትራስቱዙማብም ውድ ነው። ይሁን እንጂ በሠለጠነ እጅ የሚደረግ የጡት ምርመራ መሣሪያ አይፈልግም። ለብዙ ታማሚዎች ለዓመታት የሚሰጠው ታሞክሲፈን የተባለው ክኒንም ከርካሾቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ድርጅቱ ባወጣው ዕቅድ አንዲት ሴት ምልክት አሳይታ ከቀረበች በ60 ቀናት ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ ይታወቅ ይላል። ስድሳ ቀን! የጎረቤታችን ጉዞ ግን ሦስት ዓመት ፈጀ። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የወሰደው የገንዘብ እጦት ሳይሆን ዝምታ ነው።

ስለ ሐያእ የሚነሳውንም በግልጽ እንነጋገርበት። ሐያእ ከኢማን ነው። ሴት ሐኪም ስትገኝ ሴት ሐኪም ትታይ፤ ሳትገኝ ግን ለሕክምና በሚያስፈልገው መጠን፣ መሕረሟ ባለበት፣ ወንድ ሐኪም ቢያያት ዑለሞቻችን እንደ ዶሩራ ፈቅደውታል። ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረውታል፤ ማለትም ከኅብረተሰቡ በቂ ሰው ካልተማረው ተጠያቂው ሁሉም ነው። ስለዚህ ሚስቱን ወንድ ሐኪም እንዲያይበት የማይወድ ባል ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያስቀር ምን እያደረገ እንደሆነ ያስብ። የነገዋን ሴት ሐኪም ዛሬ ቤት ውስጥ እየዘጋባት ነው።

ሌላው በአላግባብ የምንጠቀምበት ቃል ሰብር ነው። ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያጣች፣ ጸጉሯ የረገፈ፣ ባሏ ፊቱን ያዞረባት እህት ሰብር ስታደርግ አጅሯ ትልቅ ነው፤ ኢንሻአላህ። ነገር ግን ሰብር እሷ ለራሷ የምትይዘው እንጂ እኛ ካለብን ግዴታ ለማምለጥ የምናዝላት አይደለም። መርዳት እየቻለ «ሰብር አድርጊ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ሰብርን አላስተማረም፤ ሐቋን ነፍጓታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? እህቶች ሆይ፣ በጡትም ሆነ በብብት ውስጥ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ያለበት ፈሳሽ ካያችሁ ሳታመነቱ ታዩ። አላመመኝም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ይህ በሽታ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁ ሳያፍሩ የሚነግሯችሁ ሰዎች ሁኑ። ኢማሞቻችንና ኡስታዞቻችን በኹጥባቸው ቢያነሱት፣ የሴቶች ሐለቃዎች ቢወያዩበት ብዙ ሐፍረት ይገፈፋል። ዕድሮቻችን ለከፈን የሚያወጡትን ያህል ለታማሚ የመንገድና የማደሪያ ወጪ ቢያወጡ፣ ዘካ ሰጪዎቻችንም መታከሚያ ያጣችው ድሃ እናት ሐቅ እንዳላት ቢያስታውሱ ከከፈኑ በፊት እንደርሳለን። መንግሥትም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ የማድረግ ኃላፊነቱን እንዲወጣ መጠየቅ መብታችንም ግዴታችንም ነው።

ያቺ ልጅ ታሪኩን ስትጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እማዬ ቀኗ ደርሶ እንደሄደች አምናለሁ። ግን እኛ የምንችለውን አድርገን ነበር ወይ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በቂያማ ቀን የምንጠየቀው ስለ አላህ ውሳኔ ሳይሆን ስለራሳችን ሥራ ነውና፣ ያን ጥያቄ ዛሬውኑ ለየራሳችን እናቅርብ።

አላህ ለታመሙት እህቶቻችን ሺፋውን፣ ለሄዱት ረሕመቱን፣ ለቀረነውም ንቃቱን ይስጠን። ወቢላሂ ተውፊቅ።