ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ላይ ላዩን ነገሩ የመቀነት ነው። ቆሞ፣ ጫፍና ጫፉን አስተካክሎ፣ ጠበቅ አድርጎ ያልታጠቀ ሰው መንገድ መሃል ልብሱ ይጎተትበታል። ችግሩ ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚመዘዘው ከጥፋት በኋላ መሆኑ ነው። ሱቁ ሲዘጋ፣ ሽርክናው ሲፈርስ፣ አንዱ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ ይተርታል። ለወደቀ ሰው ምን ይረባዋል? ስለዚህ ተረቱን ከመውደቅ በፊት፣ ገና ሥራ በሚጀመርበት ሰዓት ልፈትነው ፈለግሁ፤ መፈተኛ የሚሆነኝም አበባ ቤት ነው። ሲሮጡ ከመታጠቅ ሌላ ምርጫ የሌለበት የሚመስል ሥራ ነውና።

ቦታው የባሌዋ ሮቤ ይሁን። የአገራችን ጽጌረዳ ሲነሳ ሰው የሚያስበው ሆለታን፣ ደብረ ዘይትንና ዝዋይን ነው። ዝዋይ ላይ ማለዳ የተቆረጠ ጽጌረዳ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ደርሶ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ፣ ብዙም ሳይቆይ ሆላንድ ገበያ ላይ ይቆማል። ወደ ባሌ የሚወጣው ግን ከሰውና ከጆንያ ጋር ተጋፍቶ፣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ፣ ዲንሾን አልፎ ነው። ከአዲስ አበባ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ መንገድ የማይጎዳ አበባ የፕላስቲኩ ብቻ ነው።

«ባሌ ደግሞ አበባ ይቸግራል?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ዲንሾ ሜዳ ላይ በአገሪቱ ብቻ የሚገኘው፣ ቀይና ብርቱካንማ አበባውን እንደ ችቦ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ተክል ወቅቱን ጠብቆ ሲፈካ ማየት ነው። ግን እሱ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሀብት ነው፤ ፓርኩም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለዓይን እንጂ ለመቀስ አይሆንም። አበባ ሻጯ የምትተማመነው ከታች በሚመጣው ላይ ነው፤ ወይም በጓሮዋ ተክላ ውርጭ እንዳይመታባት ስትሳቀቅ ማደር ነው።

እንግዲህ አንዲት ወጣት እዚያ ሱቅ ከፈተች እንበል። መጀመሪያ የምትሰማው ማጽናኛ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነው። መልካም ምክር ነው፤ ለጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ። የጨርቅ ጣቃ ዛሬ ባይሸጥ ለዓመቱ ይቆያል። ጽጌረዳ ግን ባልዲ ውስጥ በደህና ቢያዝ ሳምንት፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ጭንቀቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ ብዙ ካዘዘች ይረግፍባታል፣ ትንሽ ካዘዘች የሙሽራ ቤተሰብ ፊት ትዋረዳለች።

የ2018 ዓ.ም.ን የሠርግ ሰሞን ብቻ እንይ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሠርጉ ይደራረባል። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን ገባ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት። የመጨረሻው የሠርግ ቅዳሜና እሁድ የካቲት 7 እና 8 ነበር ማለት ነው። የካቲት 7 ደግሞ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 14፣ የፍቅረኞች ቀናቸው ነው። የዓለም ገበያ ጽጌረዳ እጅግ የሚፈልግበት፣ እርሻዎቻችንም ዓይናቸውን ወደ ውጭ የሚጥሉበት ሰሞን በእኛ የቅበላ ሠርግ ላይ ወደቀ። ሮቤ ላይ ሆና በዚያ ሳምንት ቀይ ጽጌረዳ የምትፈልግ ጀማሪ ተፎካካሪዋ ጎባ ያለው ሱቅ አይደለም፤ አምስተርዳም ናት።

በዋዜማው ሌሊት ምን እንደሚሆን ሥራውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከመኪና የወረደው ካርቶን ይከፈታል። ውኃ ውስጥ የሚገባው የግንዱ ክፍል ቅጠሉ ይላጣል፤ ካልተላጠ ይበሰብስና ውኃውን ያበላሸዋል። እሾሁ ይነሳል፤ ጣት ይደማል። ግንዱ በስል ቢላ ሰያፍ ይቆረጣል፤ የደነዘ መቀስ ይጨፈልቀውና ውኃ አይስብም። ባልዲው አስቀድሞ ካልታጠበ፣ ጠብታ በረኪና ካልነካው፣ የበሰለ ሙዝ አጠገብ ከተቀመጠ አበባው ጠዋት አንገቱን ደፍቶ ይገኛል። እነዚህን ሁሉ በዚያ ሌሊት የሚማር ሰው ተረቱ በደንብ ይገልጸዋል። ቢላው ሳይሳል፣ ባልዲው ሳይታጠብ፣ ሪባኑ ሳይገዛ የተጀመረ ሠርግ ጠዋት ሙሽራዋ መኪና ላይ ይፈታል።

ሌላው የሚፈታው ቋጠሮ ቀብድ ነው። «አንቺማ የእኛው ልጅ፣ ከእኛም ቀብድ ትቀበያለሽ?» ትላለች የአክስት ጎረቤት። ልጅቷ አፍራ ትተወዋለች። ሠርጉ በሦስት ቀን ሲራዘም፣ ወይም «ነጭ ያልነው ቀይ ይሁንልን» ሲባል፣ ኪሳራው የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ከአክስት ጎረቤት ጋር በሠርጉ ማግስት መካሰስ አይቻልም፤ መነጋገሪያው ሰዓት በእርጋታው ጊዜ ነበር። እዚህ ላይ ተረቱ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው።

ታዲያ የእርጋታው ጊዜ መቼ ነው? ጾም ነው። ሁዳዴው 55 ቀን ነው፤ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። በረመዳንም ሠርጉ ዒድን ይጠብቃል። ጀማሪዋን ከሩጫው ይልቅ የሚያስጨንቃት ይህ ነው፦ ኪራዩ ይቆጥራል፣ በሩ ጭር ይላል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ብዙዎች ሥራውን የሚተዉት በዚህ ጊዜ ይመስለኛል፤ በሩጫው ወቅትማ ለመተው እንኳ ጊዜ የለም። ነገር ግን ተረቱ ቁሙና ታጠቁ የሚለው ለዚሁ ነው። አቅራቢ የሚፈለገው፣ የሹፌሩ ስልክ የሚያዘው፣ የቀብዱ ደንብ በወረቀት የሚጻፈው፣ አንድ የጎረቤት ልጅ እቅፍ አበባ ማሰር የምትለማመደው ያን ጊዜ ነው። ባሌም ትረዳለች፦ ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከዚያ ከፍ ብላ ናት። ቆላ ላይ ማቀዝቀዣ የሚያስገዛውን አበባ እዚህ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ብርዱ ያቆይላታል።

ሆኖም ተረቱን ሁሉ ቦታ አላምነውም። እጅ በጾም አይሠለጥንም። አንድ ሠርግ ስንት እስር እንደሚፈጅ፣ መኪናው ላይ ያለው አበባ በነፋስ እንዳይወድቅ እንዴት እንደሚታሰር፣ የሙሽራ እናት ስትቆጣ ምን እንደሚባል የሚታወቀው በሩጫው ውስጥ ብቻ ነው። «ሁሉን ተምሬ እጀምራለሁ» ያለች ሴት ሱቁን ሳትከፍተው ታረጃለች። ደግሞም ተረቱ የሚያወራው ብቻውን ስለሚሮጥ ሰው ነው፤ ብቻውን የሚሮጥ ቢፈታበት የሚያጠብቅለት የለም። ጀማሪዋ ከመቀነቱ በላይ የሚያስፈልጋት ሁለተኛ ሰው ነው፦ ሌሊቱን ቅጠል የሚላጥላት፣ «ሂጂና ሁለት ሰዓት ተኚ» የሚላት፣ ሦስተኛውን ሠርግ «እምቢ በይ» የሚላት። በአንድ ቀን ሁለት ሠርግ የምትችል ጀማሪ አራት ከተቀበለች የፈረደባት የራሷ እሺታ ነው።

በሮቤም በጎባም ለፋሲካ ማግስት፣ ወይም ለመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ አበባ የምታስቡ ሁሉ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ቀለሙን ቁረጡ፣ ቀብዱንም ስጡ። ዘመድ ብትሆኑም።